ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያና ስለ ዕረፍት ቀን

ሰው ተቀጥሮ ሲሠራ ሁለት ነገር አብሮ ይሸጣል። አንደኛው ጉልበቱ ነው፤ ሁለተኛው ጊዜው ነው። ጉልበት በእህልና በእንቅልፍ ይመለሳል፤ ጊዜ ግን አንድ ጊዜ ከሄደ በኋላ ማንም ከፍሎ አይመልሰውም። ይህን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል፤ እኔም የማውቀው ይመስለኝ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር፥ ስለ ጊዜ ክቡርነት ለተማሪዎቼ ያልተናገርሁበት ዓመት የለም። ነገር ግን ነገሩን በእውነት የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ ያውም በአንድ ፋብሪካ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፥ ከአንዲት የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነው። እንዴት እንደ ተማርሁት ለእናንተ ለወጣቶች ልንገራችሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ በፋብሪካ፥ በባንክ፥ በሆቴል ወይም በእርሻ ድርጅት ተቀጥራችሁ ትሠራላችሁና፥ የኅብረት ስምምነት የሚባለው ጽሑፍ አንድ ቀን እጃችሁ መግባቱ አይቀርም።

የኅብረት ስምምነት ማለት የሠራተኞች ማኅበርና አሠሪው አንድ ላይ ተቀምጠው፥ ተከራክረውና ተስማምተው፥ በጽሑፍ የሚፈራረሙት ውል ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ «ደመወዜ አነሰኝ፤ ዕረፍትም ይጨመርልኝ» ቢል የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አምስት መቶ ሰው በአንድ ቃል ሲናገር ግን ሥራ አስኪያጁ ወንበር አቅርቦ ያነጋግራል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ይህን አይተው ነው። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀትና ስለ ኅብረት ድርድር የተደነገጉትን ሁለቱን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች በ1955 ዓ.ም. ተቀበለች፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ወጥቶ ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ከአሠሪያቸው ጋር እንዲዋዋሉ መንገድ ከፈተ። ከዚያም በ1968፥ በ1985፥ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. ሌሎች አዋጆች ተከታትለው ወጡ።

ሕግ ካለ ስምምነት ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው አይጠፋም። ሕጉ እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ስምምነቱ ግን በመሠረቱ ላይ የሚቆም ግድግዳ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚያዘው፥ ስምምነቱ ከሕጉ ይልቅ ለሠራተኛው የሚጠቅም ሲሆን ስምምነቱ ይጸናል፤ ሕጉ የበለጠ የሚጠቅም ሲሆን ደግሞ ሕጉ ይጸናል። ስለዚህ ስምምነት ከመሠረቱ በታች ሊወርድ አይችልም፤ ወደ ላይ ግን ሠራተኞቹ ተከራክረው ያገኙትን ያህል ከፍ ሊል ይችላል።

አሁን ወደ ታሪኬ ልግባ። በ2012 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ማታ ሁለት ጎልማሶች ወደ ቤቴ መጡ። ሁለቱም ልጆች ሳሉ ያስተማርኋቸው ሲሆኑ፥ በከተማችን በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞች ማኅበር መሪዎች ሆነው ነበር። «መምህር፥ የኅብረት ስምምነታችን ዘመኑ አልቆ እያደስነው ነው፤ አማርኛውን ያርሙልን፤ ምክርም ይጨምሩልን» አሉኝ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበርሁ የኅብረት ስምምነት የሚባል ነገር በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም። ነገር ግን የቀድሞ ተማሪ ምክር ሲጠይቅ «አላውቅም» ማለት ለአስተማሪ ይከብዳል። ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ።

ክርክሩ ያለው በሁለት አንቀጾች ላይ ነበር፤ አንዱ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ፥ ሌላው ስለ ዓመት ፈቃድ። አዲሱ አዋጅ የትርፍ ሰዓትን ዋጋ ከፍ አድርጎት ነበር። በቀድሞው በ1996ቱ አዋጅ በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የመደበኛው ሰዓት ዋጋ በ1.25 ተባዝቶ ነበር፤ አዲሱ 1.5 አደረገው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራው ደግሞ 1.5 የነበረው 1.75 ሆነ። በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፥ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ መሆኑ እንደ ነበረ ቀረ። በዓመት ፈቃድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቀድሞው አዋጅ ለመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀን ሰጥቶ በየዓመቱ አንድ አንድ ቀን ይጨምር ነበር። አዲሱ መነሻውን 16 ቀን አድርጎ ጭማሪውን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን አደረገው። ይህ አዲስ ለተቀጠረ ሰው ጥቅም ነው፤ ብዙ ዘመን ላገለገለ ግን ጉዳት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው በቀድሞው 24 ቀን ያርፍ ነበር፤ በአዲሱ 21 ቀን ነው። ሃያ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው በቀድሞው 34 ቀን፥ በአዲሱ 26 ቀን ነው።

የፋብሪካው አሮጌ ስምምነት የቀድሞውን የፈቃድ አቆጣጠር በራሱ አንቀጽ ጽፎ ይዞ ነበር። ሥራ አስኪያጁም እንዲህ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ «የዓመት ፈቃዱ እንደ አዲሱ አዋጅ ይሁን፤ በምትኩ የቀኑን ትርፍ ሰዓት ሕጉ ከሚያዘው በላይ በ1.75፥ የሌሊቱን በ2 እጥፍ እንከፍላለን።» የማኅበሩ ኮሚቴ በዚህ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ወደ እኔ የመጡትም ስለዚህ ነው።

እኔም ወረቀት አውጥቼ እንደ ለመድሁት ሒሳብ ሠራሁ። በወር 4,160 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በሳምንት 48 ሰዓት፥ በወር በአማካይ 208 ሰዓት ስለሚሠራ የሰዓቱ ዋጋ 20 ብር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለው ሠራተኛ በዓመት ሦስት ቀን ዕረፍት ቢያጣ፥ ይህ 24 ሰዓት ሲሆን ዋጋው 480 ብር ነው። በትርፍ ሰዓት በኩል ግን ከሕጉ በላይ በየሰዓቱ 5 ብር ይጨመርለታል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ትርፍ ቢሠራ በሃምሳ ሳምንት 300 ሰዓት፥ ጭማሪው 1,500 ብር ይሆናል። ከ480 ብርና ከ1,500 ብር የቱ ይበልጣል? «ልጆቼ፥ ይህ የሚያከራክር አይደለም፤ ገንዘቡን ተቀበሉ» አልኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንትም በጠቅላላው ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ይህንኑ እንዳስረዳ ለመኑኝ፤ እኔም ደስ እያለኝ ሄድሁ።

በአዳራሹ ውስጥ ሒሳቤን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ጨረስሁ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ከኋላ በኩል ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ ያደረገች አንዲት ሴት ተነሣች። በፈትል ክፍል ሃያ አንድ ዓመት የሠራች መሆኗን በኋላ ነገሩኝ፤ ሁሉም «እትዬ» እያለ ይጠራታል። እንዲህም አለች፤

«መምህር፥ ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን 1,500 ብር የማገኘው ዝም ብዬ ተቀምጬ ነው ወይስ 300 ሰዓት ሠርቼ ነው?»

«ሠርተሽ ነው» አልሁ።

«እንግዲያማ ዕረፍቴን የሰጠሁት ድካም ለመግዛት ነዋ! ደግሞስ ትርፍ ሰዓት አለ የለም የሚለው ማነው? አሠሪው ነው። ክር ሲጠፋ፥ መብራት ሲጠፋ ትርፍ ሰዓት የለም። የዓመት ፈቃዴ ግን ክር ቢኖርም ባይኖርም የእኔ ነው። እኔ በእነዚያ ቀኖች ገጠር ወርጄ እናቴን ጠበል አስጠምቃለሁ፤ የወንድሜን እህል አብሬ እሰበስባለሁ። ስምንት ቀን ከወሰዱብኝ መንገዱ ብቻ ይቀረኛል።» ከዚያም ትንሽ ዝም ብላ፥ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ እርስዎ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያርፉ አልነበረም?» አለችኝ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። እውነቷን ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ክረምት አርፌአለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት፥ መጻሕፍት ያነበብሁት፥ የታመመ ዘመድ የጠየቅሁት በክረምት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ማንም በገንዘብ ልግዛህ ብሎኝ አያውቅም፤ ቢለኝም አልሸጠውም ነበር። ለራሴ የማልሸጠውን ነገር ሌሎች እንዲሸጡት በጠመኔ አስረዳኋቸው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንቅልፍ የነሣኝ በሰው ፊት ማፈሬ ብቻ አልነበረም፤ ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜን «ጋሼ» እያልሁ ነበር የምጠራው። ከገጠር ወጥቶ በሌላ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እኔ በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ስማር የምግቤንና የደብተሬን የሚከፍልልኝ እሱ ነው። በትምህርት ቤታችን ሰንበት እጅግ የተከበረ ቀን ነበር። አስተማሪዎቻችን በእሑድ በቅሎ እንኳ እንድትጫን አይፈቅዱም ነበር። ስለ ሰንበት የተነገረውን ትእዛዝ በቃላችን እናጠና ነበር፤ ያ ትእዛዝ ጌታውን ብቻ ሳይሆን ሎሌውንም ገረዲቱንም ከብቱንም እንደሚያሳርፍ አስተማሪያችን ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ወንድሜ ግን እኔ ትእዛዙን በቃሌ በምወጣበት በዚያው እሑድ በማሽን ፊት ቆሞ ነበር፤ የእሑድ ክፍያ ስለሚበልጥ እሑድን መርጦ ይሠራል። የእኔ ሰንበት በእሱ ሰንበት ተገዝቶ ነበር፤ እኔም ይህን አላውቅም ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በሐምሌ እናታችን ዐረፈች። እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበርሁና ቀበርኋት። ለወንድሜ መልእክተኛ ተላከበት፤ እሱ ግን በቀብሩም በሠልስቱም አልደረሰም። በአምስተኛው ቀን፥ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፥ ጭቃ እንደ ለበሰ መጣ። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ተቆጥቼ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገርሁትም። ከገንዘብ በቀር የማያስብ ሰው መሰለኝ። እሱም አንድ ቃል አልመለሰልኝም፤ ሲሄድ ብቻ «ለመስከረም የሚከፈለውን ልኬአለሁ፤ አታስብ» አለኝ።

እውነቱን የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ፥ እሱ ከሞተ ወዲያ ከባለቤቱ ነው። ለካ በየዓመቱ የዕረፍት ፈቃዱን በገንዘብ እየለወጠ ለእኔ ይልክ ኖሯል። የእናታችን መርዶ በደረሰው ጊዜ የቀረው የዕረፍት ቀን አልነበረውም፤ ተተኪ ሠራተኛ እስኪገኝም አልለቅ አሉት። ስለዚህ እናቱን ሳይቀብር የቀረው ለእኔ ደብተር ብሎ ነው። ይህን ስሰማ ምን እንደ ተሰማኝ መናገር አልችልም፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ግን በሕይወት አልነበረም።

እንግዲህ ያ ልጅ አድጎ፥ ተምሮ፥ አስተማሪ ሆኖ፥ ጡረታ ወጥቶ፥ በወንድሙ ዕረፍት በተገዛ ሒሳብ ሌሎች ዕረፍታቸውን እንዲሸጡ መከረ ማለት ነው። በማግሥቱ ተነሥቼ አዋጁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁት። አንድ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ መብቱን ለመተው ቢስማማ ስምምነቱ ፈራሽ ነው፤ ሥራው ሲቋረጥና ሕጉ በፈቀደው ሌላ ምክንያት ካልሆነ በቀርም በፈቃድ ምትክ ገንዘብ መክፈል የተከለከለ ነው። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ሠራተኛውን ሊጎዳ ብሎ አይደለም፤ ችግር የያዘው ሰው ሁሉን እንደሚሸጥ ስለሚያውቅ ነው። ስለ ትርፍ ሰዓትም ያየሁት ነገር አስደነቀኝ። ትርፍ ሰዓት አሠሪው በፈለገ ቁጥር የሚያዘው አይደለም፤ አደጋ ሲደርስ ወይም የሚያሰጋ ሲሆን፥ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፥ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፥ ወይም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሰው ለመተካት ነው። በቀን ከ4 ሰዓት፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥም ወሰን ተደርጎለታል። ከዚህ በኋላ ገባኝ፤ አንድ ተኩል፥ ሁለት እጥፍ እየተባለ ዋጋው የሚወደደው ሠራተኛው እንዲያበዛው አይደለም፤ አሠሪው አስቦ እንዲጠይቅ ነው። ያ ጭማሪ በሠራተኛው ማታና በሠራተኛው በዓል ዙሪያ የታጠረ አጥር ነው። እኔ ግን አጥሩን እንደ ገበያ ቆጠርሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ኮሚቴው ሄጄ «ልጆቼ፥ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ምክሩ ግን ስሕተት ነው» አልኋቸው፤ የወንድሜንም ነገር አጫወትኋቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተስማሙት እንዲህ ነው። የዓመት ፈቃዱ እንደ አሮጌው ስምምነት በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 30 ቀን ይደርሳል፤ የቀኑ ትርፍ ሰዓት ሕጉ እንዳዘዘ በ1.5 ይሆናል፤ የሌሊቱ ብቻ ወደ 2 እጥፍ ከፍ ይላል። የሐዘን ፈቃድም በሕጉ ከተሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ወደ አምስት ከፍ አለ። ይህንን የመጨረሻውን እትዬ ናት የጠየቀችው፤ «ሦስት ቀን ሠልስትን እንጂ መንገድን አያካትትም» ብላ። እኔ አማርኛውን አረምሁ፤ በዚያች አንቀጽ ላይ ግን አንድ ፊደል እንኳ አልነካሁም።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ከስብሰባው ስወጣ አንድ ወጣት ተከትሎኝ መጣ። ልጅ ከወለደ ገና ወሩ ነበር። «መምህር፥ እትዬ ቤት አላት፤ እኔ ግን በኪራይ ነው ያለሁት። ዕረፍት ለኪራይ አይከፈልም። ያስቀሩብኝን 1,500 ብር ማን ይሰጠኛል?» አለኝ። አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ልጅ ሲወለድ አባት ሦስት ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር እንዲያርፍ አዋጁ እንደ ፈቀደ ልነግረው አሰብሁ፤ ነገር ግን የጠየቀኝ ይህን ስላልሆነ ዝም አልሁ። ያ ልጅ አልተሳሳተም። ወንድሜም አልተሳሳተም ነበር። ሰው ዕረፍቱን የሚሸጠው ሰነፍ ወይም ስግብግብ ስለ ሆነ አይደለም፤ መደበኛ ደመወዙ ስለማይበቃው ነው። ስለዚህ የስምምነት ሁሉ ራስ የሆነው አንቀጽ መደበኛው ደመወዝ ነው፤ እሱ ሲጎድል ሌሎቹ አንቀጾች እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። ማኅበሩም በሚቀጥለው ድርድር ይህን አስቀድሞ እንዲያነሣ ለመንሁ፤ ያም ወጣት የኮሚቴ አባል ሆኖ እንዲመረጥ መከርሁ፤ ተመረጠም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የምመክርህና የምመክርሽ ጥቂት ነው። ሥራ በገባችሁ ጊዜ የኅብረት ስምምነት እንዳለ ጠይቁ፤ ካለም ሙሉውን አንብቡት። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ ያልተነበበ ጽሑፍ ግን ከተረሳ ቃል አይሻልም። ትርፍ ሰዓት ስትሠሩ ሰዓቱን በደብተራችሁ ጻፉ፤ የሠራችሁበትን ሳታፍሩ ጠይቁ፤ የላብ ዋጋ ነውና። ነገር ግን ኑሮአችሁን በትርፍ ሰዓት ላይ አትመሥርቱ፤ እሱ ዛሬ ኖሮ ነገ የሚጠፋ ነው። ስለ ስምምነት ስትከራከሩ የወጣቱን ኪስ ብቻ ሳይሆን የአሮጊቷንም መንገድ አስቡ፤ ማኅበር ማለት የሁለቱ ነው። አንድ ሰው ሒሳብ ሠርቶ ዕረፍታችሁን ሊገዛችሁ ሲመጣ ደግሞ፥ ያ ሰው አስተማሪያችሁ እንኳ ቢሆን፥ እትዬ የጠየቀችውን ጠይቁት።

የዓመት ፈቃዳችሁ በደረሰ ጊዜም ውጡና እረፉ። እናት ያላችሁ ሂዱና እናታችሁን ጠይቁ። ያስተማራችሁ ወንድም ወይም እኅት ካላችሁም በሕይወት ሳሉ ሂዱና፥ የከፈሉላችሁን ከምን ቀንሰው እንደ ከፈሉ ጠይቋቸው። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።